አንድ ቀን በወንጂና በቆቃ ሐይቅ ዳር

«እማ፣ ስኳር ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የሌለበት ቤት የለም። እናትም ብዙውን ጊዜ ጀበናውን ወይም ማንቆርቆሪያውን እያየች «ከሱቅ ነዋ!» ብላ ታልፈዋለች። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። በኩታበርም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ስኳር በሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የምንቀበለው፣ ሲጠፋ የምናማርርለት፣ ሲገኝ በጣሳ ከድነን የምናስቀምጠው ነገር ነው። ከየት እንደ ተነሣ፣ በማን ላብ እንደ ተሠራ፣ በመንገዱስ ላይ ማን ምን እንደ ከፈለበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ቀን የቤተሰብ ሽርሽር ጥቂት ለማለት እንወዳለን። ሽርሽሩ ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። ልጆች በዓይናቸው አይተው የሚማሩበት፣ እናቶችም አንድ ቁም ነገር ይዘው የሚመለሱበት ሆኖ አግኝተነዋል። ቦታው ወንጂና የቆቃ ሐይቅ ዳርቻ ነው።

በሐይቅ ዳር ያለ ያማረ የሆላንድ ከተማ በሥዕል መጽሔት ላይ ያላየ የለም። ሆርን፣ ኤንክሃውዘን፣ ፎለንዳም የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ጥንት የባሕር ወደቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሆላንዶች 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ክትር በባሕሩ ላይ ሠርተው ሲጨርሱ ከክትሩ ወዲህ ያለው የባሕር ውሃ ቀስ በቀስ ጣፋጭ ውሃ ሆነ፤ የባሕር ዳር ከተሞቹም የሐይቅ ዳር ከተሞች ሆኑ። ይህን ለማየት ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል። ነገር ግን እነዚያው የውሃና የክትር ሰዎች በአገራችን በአዋሽ ሸለቆ ያቆሙት ከተማ አለ፤ ከአዳማ ለጥቂት ደቂቃ በመኪና የሚደረስበት። ስለዚህ ወንጂን ሳያዩ ሆላንድን መመኘት የጓሮን ውሃ ትቶ ሩቅ መቅዳት ይመስላል።

ጉዞው

ከኩታበር ወንጂ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንደማይሆን የታወቀ ነው። ከኩታበር እስከ ደሴ ወደ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ከደቡብ ወሎ ደጋ ወጥተው በአዲስ አበባና በአዳማ የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ነው። ለሰርግ፣ ለክርስትና ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ከጉዞው አንዱን ቀን ቀንሶ ለዚህ ቢያውለው አይጎዳም። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሦስት እናቶችና አምስት ልጆች ሆነን ዘመድ ጠይቀን ስናበቃ አንዱን የመጋቢት ቀን ለወንጂ ሰጠነው።

ስንቃችን ዳቦ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በቴርሞስ የተያዘ ሻይ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ትልልቅ ጀሪካን የመጠጥ ውሃ ያዝን። «የሐይቅ አገር ሄዶ ውሃ መሸከም ምን ይባላል?» ብላ አንዷ ጓደኛችን ሳቀች። ምክንያቱን ቆየት ብለን እንነግራችኋለን።

ከጧቱ 1 ሰዓት ከአዳማ ተነሣን። ከተማው እንዳለቀ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ከዚያም አረንጓዴው ይጀምራል። ለደጋ ልጅ አረንጓዴ ማለት የገብስ ማሳ ወይም የክረምት ሣር ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ሸንኮራ አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ እስከ ዓይን መጨረሻ ይዘልቃል፤ በመካከሉ ቀጥ ብለው የተቀደዱ የውሃ ቦዮች ያልፋሉ። «ይኸ ሁሉ የማን ጓሮ ነው?» አለ ትንሹ ልጅ። በእኛ አገር ሸንኮራ ለበዓል ከቆላ ሲመጣ በእንጨት እንጨት ተቆጥሮ ነውና የሚገዛው፣ ልጁ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ሆላንዶችንና ወንጂን ምን አገናኛቸው?

ኤች.ቪ.ኤ. ተብሎ የሚጠራው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1879 በአምስተርዳም የተቋቋመ ነው። ሀብቱን ያካበተው ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው አገር በስኳርና በመሳሰሉት የእርሻ ሥራዎች ነው። የጃቫ የስኳር ታሪክ መራራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1830 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የጃቫ ገበሬ ከመሬቱ ላይ ከፊሉን ለቅኝ ገዢው ስኳር፣ ቡናና ሌላም ተክል እንዲያለማ ተገዶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኢንዶኔዥያ ሕዝብ ነፃነቱን ሲያስመልስ ኩባንያው ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነበት።

እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋለና በወንጂ ሜዳ 5,000 ሔክታር መሬት ተሰጠው። መሬቱ ባዶ አልነበረም። በአካባቢው ከብቶቻቸውን ያሰማሩ የነበሩ የኦሮሞ ቤተሰቦች የግጦሽ ቦታቸውን ለቀዋል። ሆላንዶቹም የለመዱትን ሥራ ያዙ። የአዋሽ ሙላት እንዳያጥለቀልቅ ክትር አቆሙ፤ ቦይ ቀደዱ፤ ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ወደ ማሳው ለቀቁ። አገራቸው ከምድሯ አንድ አራተኛ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች በመሆኑ ከውሃ ጋር መታገልን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የመተሐራው ተከተለ። በአዳጊነታችን በመሐረባችን ጫፍ ቋጥረን የምንይዘው ደስታ ከረሜላም የወንጂ ሥራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ። የወንጂና የሸዋ ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግለው እ.ኤ.አ. በ2011ና በ2013 ሥራቸውን አቆሙ፤ በምትካቸው በዶዶታ በኩል በቀን ከ6,000 ቶን በላይ አገዳ መጭመቅ እንዲችል ሆኖ የተሠራው አዲሱ ፋብሪካ ተነሣ።

ዛሬ በወንጂ የሆላንድን ቅርስ ለማየት የሚፈልግ ሰው የነፋስ ወፍጮ ቢፈልግ አያገኝም። ቅርሱ በአሠፋፈሩ ላይ ነው። ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ በመንገዱ ዳርና ዳር የተተከሉት ጥላ የሚሰጡ ዛፎች፣ ሰፊ በረንዳና አትክልት ያላቸው የኃላፊዎች ቤቶች፣ ከእነርሱ ርቀው በአገዳው መካከል ተበትነው የሚገኙት ካምፕ የሚባሉ የሠራተኛ መንደሮች፣ ሁሉም በእርሳስና በማስመሪያ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። የኃላፊው ቤትና የቆራጩ ቤት መካከል ያለው ርቀትም አብሮ የታሰበ ነበር። ያን ርቀት ለማጥበብ የታገሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። የወንጂ ሠራተኞች በአገራችን ቀድመው ከተደራጁት መካከል ሲሆኑ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት አንድነት ማኅበር ሲቆም ከመሥራቾቹ ነበሩ።

አገዳው ስኳር ሲሆን

ፋብሪካ ለመጎብኘት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ ባይገኝም እንኳ ከማሳው ዳር ቆሞ ለልጆች ማስረዳት ይቻላል። እኛ ያስረዳናቸው በሚከተለው መልክ ነው።

አገዳ ከተተከለ በኋላ በወንጂ ለቆረጣ የሚደርሰው አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። እንደ ድንች በሦስትና በአራት ወር የሚነሣ አይደለም። ከመቆረጡ በፊት ደረቁን ቅጠል ለማስወገድ ማሳው በእሳት ይለበለባል፤ ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ጭስም ይኸው ነው። ቆራጩ በጥቀርሻ ተሸፍኖ በቆንጨራ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለቆረጣ እየመጡ በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ ስለሚቀንስ ሳይውል ሳያድር ወደ ፋብሪካ መግባት አለበት።

በፋብሪካው ይከተፋል፤ በትልልቅ የብረት ድልድሎች መካከል ይጨመቃል። ጭማቂው ኖራ ገብቶበት ይሞቅና ይጠልላል። ከዚያ ውሃው እየተነነ እየወፈረ ይሄድና ቅንጣት ይሠራል። በመጨረሻ በኃይል በሚሽከረከር ወንፊት ላይ ሲዞር ቅንጣቱ ይቀራል፤ ጥቁሩ ፈሳሽ ሞላሰስ ይወጣል። ሞላሰሱ አልኮል ይሠራበታል፤ ለከብት መኖም ይቀላቀላል። ተጨምቆ የቀረው ገለባ ደግሞ የፋብሪካውን ቦይለር ያነዳል። ባልትና የምታውቅ እናት ይህን በቀላሉ ትረዳዋለች፤ ማር ማጥራትና ቅቤ ማንጠር የለመደች እጅ ያለችበት ቤት ነውና።

ከ100 ኪሎ አገዳ የሚወጣው ስኳር 10 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ስንነግራቸው ትልቋ ልጅ ቆም ብላ አሰበችና «እንግዲያው አንድ ኪሎ ስኳር ለመሥራት 10 ኪሎ አገዳ ሰው ቆርጧል ማለት ነው» አለች። ለእኛ ይህች አንዲት የሒሳብ ስሌት ለጉዞው የወጣውን ገንዘብ ካሰች። ከዚያ በኋላ ሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ የሚጨምር ልጅ አልታየም።

ስለ ስኳር ካነሣን አይቀር፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በምግቡና በመጠጡ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ቢያወርድ ይበልጥ ይጠቅመዋል ይላል። ሁለት ብርጭቆ በደንብ የጣፈጠ ሻይ ይህን ይሞላዋል። የልጆች ጥርስ መበላት ከሌላ ሳይሆን ከዚሁ ይጀምራል።

የውሃው ነገር

ረፋዱ ላይ በአንዱ የሠራተኛ መንደር ውስጥ በጥላ አረፍን። ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ሽሮ የሚለቅሙ አንዲት እናት ጠሩንና ቡና አፈሉልን። ባለቤታቸው በአገዳው ሥራ የኖሩና ጡረታ ወጥተው ያረፉ ናቸው። ቡናው ሲቀርብ ልጃቸው ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችን። መልከ መልካም፣ ሥርዓት የተማረች ልጅ ናት። ነገር ግን በሳቀች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች።

እናትየው አስተዋሉን። «አትፈሪ ልጄ፣ አትዪው» አሉኝ። «ጥርሷ በልዞ ነው የምትሸፍነው። የዚህ አገር ነገር ነው።»

«እማማ፣ ከምን የመጣ ነው ይሉታል?» ስላቸው፣

«ከውሃው ነዋ! ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲወጣልን የወንዙን ድፍርስ ተገላገልን ብለን እልል አልን። ድፍርስ የለው፣ ትል የለው፣ እንደ መስታወት ነበር። የልጆቼ ጥርስ ሲበልዝ የንጽሕና ጉድለት መሰለኝና በከሰል እየፈገፈግሁ አስለቀስኳቸው። ለካስ የፈተግሁት ቆሻሻ አልነበረም» አሉኝ።

ይህ የአንዲት እናት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሐኪሞችና በተመራማሪዎች የተጻፈ የታወቀ ታሪክ ነው። ወንጂ የተቀመጠችው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ መካከል ነው። የመሬት ጥናት ሊቃውንት በሸለቆው ወለል ላይ የሚያልፈውን የስንጥቅ መስመር «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» ብለው በዚህችው ቦታ ስም ሰይመውታል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድሩ ውሃ ይለቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይኖር ይመክራል። በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች ግን የተገኘው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍሎራይድን የሚቀንሱ ማጣሪያዎች በእርሻው ላይ ተተክለዋል። ሆኖም ጥርሳቸው ቀድሞ የተጎዳ ልጆች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ውሃውን በጠጡ ሠራተኞች ላይም አጥንት የሚያደነድን፣ አከርካሪን የሚያገትር፣ አንገትና ጉልበትን የሚያስር በሽታ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአገራችን ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ መርምረው ጽፈዋል።

እንግዲህ ጀሪካን የተሸከምንበት ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ቢጠጡት የሚጎዳ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጡት ነው። ነገር ግን ልጆቹ «ለምን ተሸከምን?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ጠይቀውም እንዲሰሙ ፈለግን።

በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በባቱ፣ በሐዋሳና በመሳሰሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ገጠሮች የሚኖሩ እናቶች፣ እንዲሁም እዚያ ልጅ የዳሩ የደጋ እናቶች የሚከተለውን ቢያውቁት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁ» ብሎ መተማመን አይገባም።

ሁለተኛ፣ የእናት ጡት ወተት፣ እናት የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ቢሆንም እንኳ፣ በውስጡ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ሕፃኑን ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ማጥባት ከዚህም ጉዳት ይጠብቀዋል። በዚያ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ግን ፍሎራይዱን በቀጥታ ለሕፃኑ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ ቋሚ ጥርስ በድድ ውስጥ የሚሠራው ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሆነው ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የበለዘውን በፍተጋ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የተጣራ ውሃ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለ፣ ለሁሉ ባይበቃም እንኳ ለትንንሾቹ ልጆች መጠጥና ምግብ ማብሰያ ይቀመጥ። ለእጥበትና ለጽዳት የጉድጓዱ ውሃ ይበቃል።

አራተኛ፣ ወፍራም ሻይ ለትንንሽ ልጆች አይስማማም። የሻይ ቅጠሉ በራሱ ፍሎራይድ አለበት።

አምስተኛ፣ የጥርስ ሳሙና ለትንንሽ ልጆች የአተር ፍሬ ያህል ቢቀባ ይበቃል፤ እንዳይውጡትም መጠበቅ ነው። በደጋ አገር ያሉ እናቶች ይህን አንብበው ሳሙናውን እንዳይጥሉት! ፍሎራይድ በትንሹ ሲሆን ጥርስን ከመበላት ይከላከላልና። የጎዳው መብዛቱ ነው።

ስድስተኛና ዋናው፣ ጥርሱ የበለዘ ልጅ የቆሸሸ ልጅ አይደለም። በትምህርት ቤት የሚያፌዙበት ካሉ መምህራንና ወላጆች ሊገሥጹ ይገባል። ልጅቷ ነጠላዋን ወደ አፏ እንድትወስድ ያደረጋት ጥርሷ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው።

ከቀትር በኋላ በቆቃ

ከወንጂ ወደ አዳማ ተመልሰን፣ በሞጆ በኩል ዞረን የሐዋሳውን አሮጌ መንገድ ይዘን ወደ ቆቃ አመራን። ልጆቹ በመኪና ውስጥ ጥቂት አሸለቡ።

ቆቃ ተፈጥሮ ያበጀው ሐይቅ አይደለም። በአዋሽ ላይ የተሠራው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመረቅ የተንጣለለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ የተሠራው ኢጣልያ ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ነው። ወደ 43 ሜጋዋት የሚደርሰው የመብራት ኃይሉ ያን ጊዜ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ፋብሪካዎች ትልቅ ነገር ነበር። ውሃውም ከግድቡ በታች ላሉት ለወንጂና ለመተሐራ እርሻዎች በበጋ የሚደርስ ሆነ። በጧት ያየነው አገዳና ከሰዓት በኋላ ያየነው ሐይቅ በአንድ ወንዝ የተሳሰሩ መሆናቸውን ልጆቹ ሲረዱ «ታዲያ መብራቱም ስኳሩም ከአንድ ቤት ነው የሚመጡት» አሉ። እኛም አልተቃወምናቸውም።

የሐይቁ ዳር ነፋሻ ነው። አሣ አጥማጆች በጀልባ ይመለሳሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው። በጠራራ ፀሐይ ስንጓዝ ስለ ዋልን ከዛፍ ጥላ ሥር የቀረበልን ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣና በሎሚ ልዩ ጣዕም ሰጠን። ዓሣ ለማይወዱት የደጋ ልጆች አጥንቱን ለቅሞ ማጉረስ የእናቶቹ ሥራ ሆነ። ዓሣው ሆድ ዕቃው በደንብ ወጥቶ የታጠበ መሆኑን መጠየቅ አይከፋም።

ዓይን የሚስበው ሐይቅ ግን አደጋ አያጣውም። ጉማሬና አዞ አለበት፤ ስለዚህ ልጅን ከዳር ለብቻው መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ወደዚህ ሐይቅ ይገባል። በውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ነገርም ተራ ሽበት አይደለም፤ መርዝ የሚያመነጭ ጥቃቅን ተሕዋስ በቆቃ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። ለእኛ ለአንድ ቀን እንግዶች አለመጠጣትና አለመዋኘት ቀላል ነው። ሌላ የሚቀዱት ያጡ የሐይቁ ዳር እናቶች ግን ከዚሁ ሲቀዱ ኖረዋል። ቧንቧ ከፍተን «ውሃው ዛሬ ቀጠነ» ብለን ስናማርር እነርሱን ማሰብ ይገባል።

ቢልሃርዝያም በመስኖ አካባቢና በቆመ ውሃ ዳር የሚገኝ በሽታ ነውና ልጆች እግራቸውን በቦይ ውስጥ እንዳይነክሩ ከለከልናቸው። አኮረፉ። ጉማሬ ከሩቅ አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ ግን ኩርፊያው ጠፋ።

ለመሄድ ላሰባችሁ

ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ነው። በክረምት ፋብሪካው ለጥገና ሥራ ያቆማል፤ መንገዱም ይጨቀያል። የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ በዚያው ሰሞን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቆ መነሣት አስፈላጊ ነው። ለደጋ ሰው ሙቀቱ ይከብዳልና ባርኔጣ ወይም ሻሽ፣ ስስ ልብስና በቂ ውሃ መያዝ ይገባል። በመስኖውና በሐይቁ አካባቢ ወባ ስለሚበዛ ከ11 ሰዓት በፊት መመለስ፣ ማደር ካለም በአጎበር ሥር መተኛት፣ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል። ለሐኪሙም ቆላ ወርዶ እንደ ነበር መንገር አትርሱ።

ወጪው የታክሲና የምሳ ነው። ስንቁ ከቤት ከተሰናዳ ከዚህም ያንሳል። ባሎችም አብረው ቢሄዱ ይበልጥ ያምራል፤ ጀሪካኑን የሚሸከም ይገኛል።

ወደ ወንጂ መሄድ ያልቻለ የኩታበርና የደሴ ቤተሰብ ቅርቡ ሐይቅ አለለት። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ጣፋጭ ውሃ ያለው ሐይቅ ዳር ናት። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው አለ። ወደ ገዳሙ ሴቶች ባይገቡም ዳርቻው ለሁሉ ነው። እዚያም ልጆቻችሁ «ይህን ውሃ ማን ይጠጣዋል? ከየት ይመጣል? ምን ይገባበታል?» ብለው እንዲጠይቁ አድርጉ።

ከወንጂ ስንሰነባበት እኒያ እናት ለልጆቹ አገዳ ቆርጠው ሰጥተዋቸው ነበር። ለእኛ ለእናቶቹ የሰጡን ደግሞ አንድ መልእክት ነው፤ «አገራችሁ ስትገቡ ለእናቶች ንገሩልኝ። ውሃ ጠርቷል ብላችሁ ብቻ አትመኑ፤ ተመርምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።» በየቀበሌያችን አዲስ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር የውሃ ጽሕፈት ቤቱን የምርመራውን ውጤት መጠየቅ መብታችን ነው። አደራውን አድርሰናል፤ መጠየቁ የእናንተ ነው።